ታድ የራሱን ሰው ኳስ የመለሰ ዕለት

ቬርና ግሩሽካ አልሄድም ካለች አትሄድም። ባሏ ታድ ይህንን ለመማር አርባ ዓመት የሚጠጋ ትዳር ነበረው፤ ሆኖም ጨዋታ ባለ ቁጥር ጠዋት ኮፍያውን ደፍቶ፣ የቆዳ ጓንቱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ መለማመጡን አልተወም።

«ዛሬም አትመጪም?»

«ኔልሰንን መልሰውታል?»

«ኧረ አልመለሱትም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» ትልና ፊቷን ወደ ሳህኖቿ ታዞራለች።

ታድ ብቻውን ወደ ባቡሩ ይሄዳል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በሕይወቱ የቀረው ደስታ ሁለት ነው፤ ቬርናና ቤዝቦል። ሁለቱ ደግሞ ከግራ ሜዳው አጥር በላይ ባለው፣ ጣሪያ በሌለው የተመልካች እርከን ላይ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ደስታ የሚሆኑት። አሁን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ሆነበት። ከዓመታት በኋላ የቺካጎው ቡድናቸው ጥሩ ተጫዋች ሲያመጣ፣ ሚስቱን ቤት አስቀረበት።

ነገሩ የተበላሸው በበረዶው ወራት ነው። ኔልሰን ኪሮጋ የሚባል ልጅ ነበር። ቡድኑ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ከቬንዙዌላ አምጥቶ፣ ታች ባሉት ትናንሽ ቡድኖቹ ውስጥ አሳድጎ፣ ሯጮች እየረገጡ ከሚዞሯቸው ቤዞች ሁለተኛውን ያስጠበቀው ልጅ። ታድና ቬርና መጀመሪያ ያዩት አዮዋ ያለው ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ዝም ብለው መኪና ነድተው ሄደው። ልጁ ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጦት በገዛ ራሱ ላይ ሲስቅ ቬርና አየችውና «ይሄማ የኔ ነው» አለች። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ኔልሰን ሲመታ እሷ መታች፣ ኔልሰን ሲሳሳት ወርዋሪው ነው ጥፋተኛው። የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ የሱፍ ኮፍያ ሠርታ ላከች። የልጁ እናት ሕፃኑን ኮፍያውን አልብሳ ፎቶ አንስታ ላከችላት። ፎቶው እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፤ የራሳቸው የልጅ ልጆች ፎቶ ከሱ ዝቅ ብሎ ነው የተለጠፈው።

ታዲያ የኔልሰን ኮንትራት አለቀ። ቡድኑ «አቅም የለንም፣ ይቅናህ» ብሎ ሸኘው፣ ልጁም ሲያትል ሄዶ ፈረመ። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው፣ ያው አቅም የለኝም ያለው ቡድን ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ዌይሎን ሆልካምን አስፈረመ። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። ሆልካምን!

ሆልካም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሴንት ሉዊስ ሰው ነበር። ሴንት ሉዊስ ለታድ የከተማ ስም አይደለም፣ ስድብ ነው። ይህ ሰው አንድ መስከረም ከአጥሩ አልፎ፣ ከእርከኑ አልፎ፣ መንገድ ላይ በወደቀ ሆምራን፣ መቺውን ቤዞቹን ሁሉ አዙሮ ነጥብ በሚያሰጥ ምት፣ የቡድኑን ዓመት ጨርሶት ያውቃል። ያን ቀን ግሩሽካዎች ቤት እራት አልተበላም። በዚያ ላይ ሰውየው የሚጫወተው ግራ ሜዳ ነው፤ ማለትም ሴንት ሉዊስ እዚህ በመጣ ቁጥር ጀርባውን ለታድ ሰጥቶ፣ በጩኸት በሚደረስበት ርቀት ላይ ይቆማል። ታድም ያን ጀርባ አላሳረፈውም። በአሯሯጡ፣ በሱሪው፣ በፀጉሩ፣ በዘር ማንዘሩ ገብቶበታል። ሆልካም ሲሮጥ ክርኖቹን ወደ ውጪ ያወጣል፤ ታድ ያንን አሯሯጥ በጨለማ እንኳ ይለየዋል።

አሁን ያ ጀርባ የእኛን ማሊያ ለበሰ። ታድም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ታድ ጋዜጣ ዘርግቶ «ሆልካም ካለንማ ዘንድሮ ማን ይችለናል» ይላል። ሌላው ታድ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ወተት ሊያወጣ ሲል ያን ባለ ኮፍያ ሕፃን ያይና ዓይኑን ይሰብራል።

ስለ እርከኑ ሕግ ሳልናገር ወደ ፊት መሄድ አልችልም። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከቲኬቱ ዋጋ ይልቅ ይከበራል። የእኛ መቺ የመታው ሆምራን እርከኑ ላይ ካረፈ፣ የያዘው ሰው ይዞት ቤቱ ይገባል፤ ለልጅ ልጅ ያወርሳል። ባላጋራ የመታው ከሆነ ግን መያዝ ነውር ነው። እርከኑ በሙሉ ብድግ ብሎ «መልሰው! መልሰው!» ይላል፤ የያዘውም ሰው ኳሱን እንደ ቆሻሻ ነገር ወደ ሜዳው መልሶ ይወረውረዋል። ያልመለሰ ሰው ሁለተኛ እዚያ ሰላም የሚለው አያገኝም። ታድ በዕድሜው ሁለት ሆምራን ይዞ ያውቃል። ሁለቱም የሆልካም ነበሩ፣ ሁለቱንም መልሷል። የሁለተኛውን አመላለስ ቴሌቪዥን ደጋግሞ አሳይቶለት ሰንብቷል። የእኛ ሰው የመታው ግን አንድም ቀን ወደሱ መጥቶ አያውቅም።

ግንቦት ገባ። ሆልካም በሜዳችን ገና አንድም ሆምራን አልመታም። እርከኑ ስሙ ሲጠራ ያጨበጭብለታል፤ ግን ጭብጨባው ያልጠሩት ሰው ሠርግ ላይ እንደሚጨበጨብ ነው። የሚሰድበውም የለም፣ የሚያሞግሰውም የለም። ታድ ደግሞ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም። በስተግራው የቬርና ቦታ አለ፤ ጃኬቱን አጣጥፎ አስቀምጦበታል። በስተቀኙ ኦዴል ፕሩት አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አጠገቡ የተቀመጠ፣ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ ምላሱ ከመቀሱ የማይተናነስ ሰው።

«ስማ፣ ጃኬትህ ቲኬት ገዝቷል?» አለው ኦዴል በዚያ ቀን፣ ሰናፍጭ የተለቀለቀ ሆትዶጉን እየገመጠ።

«የቬርና ቦታ ነው።»

«ቬርና እኮ አልሞተችም ወንድሜ። ኩሽና ናት ያለችው። ሰው ቢቀመጥበት ምን ይመጣል?»

«ተቀመጥበትና ታየዋለህ ምን እንደሚመጣ።»

ኦዴል ሳቀ። ነፋሱ ያን ቀን ከመቺው ወደ እርከኑ ነበር የሚነፍሰው። እንዲህ ሲነፍስ ኳስ እንደሚበር የሚያውቁት ሁሉ ጓንታቸውን አጥልቀው ተቀምጠዋል። ስድስተኛው ዙር ላይ ነጥቡ እኩል ነው፤ ሁለት ልጆቻችን ቤዝ ላይ ቆመዋል። ሆልካም ዱላውን ይዞ ብቅ አለ።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ» አለ ኦዴል። «እንዲመታ ትፈልጋለህ አትፈልግም? ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ አይቻልም።»

«እንዲመታማ እፈልጋለሁ።»

«እ?»

«ግን ሲመታ እንዳያምርበት።»

ኦዴል ሆትዶጉ ትን ሊለው ነበር። «አይ አንተ! ቄስ ጋ ሂድ፤ ይሄ የኔ ሙያ አይደለም።»

የዱላው ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። ታድ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ጥርት ያለ፣ ማጣሪያ የማያስፈልገው። ኳሷ ወጣች፣ ነፋሱ ተቀበላት፣ ትንሽ አየር ላይ የቆመች መሰለች፣ ከዚያ ወደ ግራ ሜዳ፣ ወደ እርከኑ፣ ወደ ታድ መጣች። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ታድ እንዴት እንደተነሣ አያስታውስም። እጁን ዘረጋ፤ ጓንቱ ውስጥ ጧ ብላ ገባች።

ሕዝቡ ጮኸ። ታድ ኳሷን ይዞ ሜዳውን አየ። አንድ ሰው ክርኖቹን ወደ ውጪ አውጥቶ ቤዞቹን ይዞራል። ሆልካም! ደሙ ፈላ፤ ዘጠኙ ዓመት በአንድ ጊዜ ተነሣበት፤ ያ መስከረም፣ ያልተበላው እራት፣ ሁሉም። የሕዝቡ ጩኸት በጆሮው ውስጥ «መልሰው!» ሆነ። ራሱ ምንም አላሰበም። ክንዱ ነው ያሰበው። ወደ ኋላ ሄደ፣ ተወነጨፈ፤ ኳሷም አጥሩን ከሸፈነው ሐረግ በላይ አልፋ ሣሩ ላይ አረፈች። እንደዚያ ያማረ ውርወራ በጉልምስናውም ወርውሮ አያውቅም።

ዙሪያው ጭጭ አለ።

«ታድ» አለ ኦዴል፣ በሽተኛ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ። «የኛ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ኳሱ! ኳሱ የኛ ነው! ሆልካም የኛ ነው!»

ታድ ማሊያውን ያኔ ነው ያየው። ታች ያለው የእንግዳው ቡድን ልጅ ኳሷን አንስቶ አንዴ እሷን አንዴ እርከኑን ያያል፤ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞት አያውቅምና ለማን እንደሚሰጣት ግራ ገብቶታል። ከኋላ አንዲት ሴት «ሰካራም ነው እንዴ ሰውየው?» አለች። ሌላው «አይደለም፣ ልማድ ነው!» አላት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ከእርከኑ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፍ ደረሰ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። የማያውቁት ሰዎች መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ነጥብ ያስቆጠሩት ልጆቻችን ሳይቀሩ መቀመጫቸው ፊት ባለው አጥር ላይ ተንጠላጥለው ይስቃሉ።

ታድ ግን ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። እርከኑ ስለሳቀበት አልነበረም። ቬርና ብትኖር ኖሮ ክንዱን አፈፍ ታደርግለት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሠራ ነው!» ትለው ነበር። በስተግራው ያለው ጃኬት ምንም አላለም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው በፀሐይ መሐል ተቀምጦ ዓይኑን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ፣ እኔም አልፈርድበትም።

ሆልካም በሚቀጥለው ዙር ሜዳውን ሊጠብቅ ሲመጣ ወደ እርከኑ ዞረ፤ ኮፍያውን አወለቀና እጅ ነሣ። እርከኑ ያን ጊዜ ነው ከልቡ ያጨበጨበለት።

ጨዋታውን አሸነፍን። ሰው ወደ መውጫው ሲተም የእርከኑ አስተናባሪ መጥታ «ታድ፣ ታች ትፈለጋለህ» አለችው። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሜዳ ላይ ዕቃ መወርወር በሕግ ያስባርራል፤ የባላጋራ ኳስ ሲሆን ዓይናቸውን ጨፍነው ያልፉታል እንጂ የገዛ ቡድንህን ኳስ ብትወረውር ማን ይምርሃል?

«ወንበሬን ሊነጥቁኝ ነው» አለ ለኦዴል።

«ዝም ብለህ አብደሃል በላቸው። እኔ እመሰክርልሃለሁ» አለ ኦዴል።

አስተናባሪዋ በጎን ደረጃ አውርዳ ሜዳው ጥግ ካለው የብረት አጥር አደረሰችው። ከአጥሩ ወዲያ ትከሻው ላይ የበረዶ ከረጢት የታሰረበት ሰው ቆሟል። ታድ ፊቱን እንዲህ ከቅርብ አይቶት አያውቅም፤ ጀርባውን ነው የሚያውቀው። ሆልካም የደቡብ ሰው ነው፣ ሽማግሌ ሲያናግር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ?»

«እኔ ነኝ» አለ ታድ። «ኳሱን... ይቅርታ። ክንዴ ነው። እኔ አልፈለግሁም፣ ክንዴ ነው።»

«ኧረ ደህና አድርገዋል! ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ በለውጡ ዱላ ፈርምልኝ፣ ማሊያ ስጠኝ፣ ፎቶ እንነሣ ይለኝ ነበር። እዚህ የመታሁት የመጀመሪያው ነው፤ ለእናቴ ልልክላት ነው። በነፃ አገኘሁት።»

ሁለት መቶ ሚሊዮን የተከፈለው ሰው በነፃ አገኘሁት ብሎ እንዲህ ሲደሰት ታድ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየው። ሆልካም አጥሩን በአንድ እጁ ያዘ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ቅር አይበልዎት እንጂ። ሴትየዋ የት ናቸው?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«እርስዎ ስለ እናቴ ሲጀምሩ ‹ታድ፣ እናቱን ተው!› የሚሉት። እኔ እዚያ ስቆም ዞሬ አላይም፤ ካየሁ እንደሚብስ አውቃለሁ። ግን ሁሉንም እሰማለሁ። ለእናቴም ነግሬያት፣ ‹ቺካጎ ውስጥ አንዲት ጠበቃ አለችሽ› እላት ነበር። ዘንድሮ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ታመው ይሆን ብዬ... ሰው መጠየቅም ፈራሁ።»

ታድ «ጉልበቷን አሟት ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ይህን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሲሰድበው ኖሮ ዛሬ ሊዋሸው አልሆነለትም።

«ደህና ናት። የቀረችው በአንተ ምክንያት ነው። በኔልሰን።»

ሆልካም አንገቱን ደፋ። በእርከኑ ላይ ጠራጊዎቹ የኦቾሎኒ ልጣጭ ይጠርጋሉ።

«ሁለተኛው ቤዝ በደረስኩ ቁጥር ኔልሰን ስለ ልጁ ነበር የሚያወራኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔ አቧራዬን ሳላራግፍ እሱ ‹ልጄ መራመድ ጀመረ› ይለኛል። ስፈርም ደውዬለታለሁ። ቦታውን አልወሰድኩበትም። ገንዘቡን ግን ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፤ መጥተው ይስደቡኝ። እዚህ ሁሉም በጨዋነት ነው የሚያዩኝ፤ ዝምታው ነው የከበደኝ።»

ታድ በባቡሩ ቤት እስኪደርስ ቃላቱን በልቡ ሲያመላልስ ነበር። አንዱ ታድና ሌላው ታድ ያን ቀን አልተጣሉም፤ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። የገዙት ሰው እንግዳ ነው ብሎ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ ለካ ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ከግሩሽካዎች ጋር ኖሯል። ሲሰደብም ቢሆን አብሯቸው ነበር።

ቬርና ኩሽና ናት። ራዲዮው ጠፍቷል፤ ታድ ሲያልፍ ነካ ቢያደርገው ትኩስ ነው።

«እንዴት ነበር?» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«አሸነፍን።»

«ሰማሁ። ማለቴ... ጎረቤት ሲጮህ ሰማሁ።» ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታድ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ዞር ስትል ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። «ሰውየው በራዲዮ... ‹አንድ ሽማግሌ የራሳችንን ኳስ መለሱት› ሲል! ስም አልጠራም። ምን ስም ያስፈልገዋል! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ያለ ጅል አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ አግብቼዋለሁ!»

«ክንዴን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረማ» አለ ታድ።

ቬርና ሳቋን አቆመች። ታድ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ አጥሩን፣ በረዶውን፣ ኔልሰን ስለ ልጁ የሚያወራውን። «እናቱን ተው» የሚለው ላይ ሲደርስ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ደርቆም ትጠርገዋለች።

«ይሰማ ነበር?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ለእናቱ ሳይቀር ነግሯታል።»

ከፊቱ ተቀመጠች። «ታድ፣ እኔ እኮ ጠልቼው አይደለም የቀረሁት።»

«ታዲያ?»

«እወደዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው፤ ዓይን የለኝም እንዴ? እዚያ ብቀመጥ አንድ ቀን ይመታል፣ እኔም ሳላውቀው ብድግ ብዬ አጨበጭባለሁ። ያን ጊዜ ኔልሰን ምን ሊሆን ነው? እኔም ከረሳሁት ማን ያስታውሰዋል?»

ታድ ጠረጴዛውን በጣቱ ፈተገ። ይህን ነገር ለማንም አውጥቶ አያውቅም። «እኔ አጨብጭቤያለሁ» አለ። «የፈረመ ቀን። ጋራዥ ውስጥ፣ ብቻዬን።»

«አውቃለሁ» አለች ቬርና። «ሰምቼሃለሁ።»

ከዚያ ቬርና ተነሥታ ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች፤ ቧንቧውን ከፍታ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ ጠየቀችው።

«ማክሰኞ ከማን ጋር ነው?»

«ከሴንት ሉዊስ።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «የድሮ ደጋፊዎቹ ሊመጡ ነዋ?»

«በአውቶቡስ ነው የሚመጡት። ከድቶናል ብለው ጉድ ይሠሩታል።»

«እናቱንም ያነሱ ይሆናል።»

«መች ይቀርላቸዋል።»

ቬርና አንድ ሳህን አለቅልቃ አወጣች። «እመጣለሁ» አለች። «ለሱ ብዬ እንዳይመስልህ። ለእናቱ ነው።»

ታድ አፉን ቢከፍት እንደሚያለቅስ ስላወቀ፣ ሳህኑን ተቀብሏት ማድረቅ ጀመረ።